ያለቀችው መጥረጊያና ከጎታ ጀርባ ያለው ኮተት

የተረት ደጅ ላንኳኳ?

አንኳኪ በሉኝ።

ሲከፈት ምን ይሁን?

አቧራው ይውጣ፣ ተረቱ ይግባ በሉ።

እንግዲያው እግራችሁን ሰብስቡና ስሙኝ።

ድሮ ነው። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ ነው። ድስቱ ሲጥዱት ቀስ በሉ ይል ነበር። በሩ ሲያንኳኩት ማን ነህ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሰውም ይሰማ ነበር። ግን ያን ጊዜም ሰው ቶሎ የሚሰማው ትልቅ ትልቁን ዕቃ ነው፣ ትንሹን አይደለም።

በዚያ ጊዜ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ስንሻው ይባላል። እናኑ የምትባል ገና መዳህ የጀመረች ልጅ አለቻቸው። ስንሻው ደግ ሰው ነው፣ ሥራ አይፈራም፣ ክፉ አይናገርም። አንድ ነገር ብቻ አለበት። ዕቃ መጣል አይሆንለትም። የተሰበረውን፣ የተቀደደውን፣ የወለቀውን ሁሉ ያነሳና “ይቀመጥ፣ ለአንድ ነገር ይሆናል” ይላል። ከዚያ ከጎታው ጀርባ ይጥለዋል።

ጎታ የማታውቁ ካላችሁ፣ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ ቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማስቀመጫ ነው። ከሰው ይረዝማል፣ ሆዱ ሰፊ ነው። የስንሻው ጎታ ውስጥ ሦስት ቁና የሽምብራ ዘር ነበረ። የዘር ጎታ ደግሞ አፉ በእበት ተመርጎ ይደፈናል። እስከ ዘር ቀን ድረስ አይከፈትም። መሀል ላይ ከፍቶ ማየት በረከቱን ይወስደዋል ይሉ ነበር። ስለዚህ ያ ጎታ አፉ ተደፍኖ ክረምቱን ሙሉ ዝም ብሎ ቆሟል።

ሽምብራ እንደ ሌላው እህል አይደለም። ዝናቡ ሲያበቃ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ነው የሚዘራው። መሬቱ ከደረቀ ወዲያ ቢዘሩት ልፋት ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ገብሱን በረዶ መትቶታል። የቀረቻቸው ተስፋ ሽምብራዋ ናት። እሷ ካልተዘራች እናኑ ጡት ስትጥል የምትበላው የለም። አንጓች ይህን ታስባለች። ልጇን አቅፋ ጎታውን ታያለች፣ አፉ እንደተደፈነ ስታይ ትንሽ ልቧ ያርፋል፣ ደግሞ መልሳ ታያለች።

አሁን ወደ መጥረጊያዋ እንምጣ። ተረቱ የሷ ነው።

መጥረጊያዋ ከረጅም ሣር በልጥ የታሰረች ነበረች። ድሮ ረጅም ነበረች። ጠረግ ጠረግ ስትል፣ ጠረግ ጠረግ ስትል፣ ጫፏ አለቀ። ክረምቱ ሲወጣ ቁመቷ አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። ሣሩ አጥሮ፣ ጠንክሮ፣ እንደ ጃርት እሾህ ቆሟል። ቦታዋ ከበሩ ኋላ ነው። ጧት ጧት ትነሳለች፣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ተመልሳ ትቆማለች። አመሰግናለሁ ያላት የለም፣ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

ክረምቱ እንደምታውቁት ነው። ዝናብ ሲሆን ሁሉም ነገር ወደ ቤት ይገባል፣ የሚወጣ ነገር የለም። ከጎታው ጀርባ ያለው ኮተት አደገ፣ አደገ፣ ግድግዳውን ሞላው። ከነሱ ውስጥ አንገቷ የተሰበረ እንስራ ነበረች። ቂጡ የወለቀ እንቅብ ነበረ። ፀጉሩ ተላጦ ያለቀ ጀንዲ፣ ማለት ሰው የሚተኛበት የበሬ ቁርበት፣ እሱም ነበረ። ከነሱም ሁሉ ኋላ አይጥ ነበረች፣ ከነልጆቿ።

ይህች አይጥ ብልጥ ናት። ጎታውን ከግድግዳው በኩል፣ ሰው በማያይበት በኩል ቦረቦረችው። ቀን ቀን ቆርጠም ቆርጠም ታደርጋለች። ጎታው ተበላሁ ብሎ ይጮህ ነበር፣ ግን አፉ ተደፍኗል። እምም ይላል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሰዎቹም የጎታው ድምፅ ሲመጣ ነፋስ ነው ይላሉ።

ኮተቶቹስ አያዩም? ያያሉ። ግን አይጧ ምላሷ ጣፋጭ ነው። እንስራዋን እመቤቴ፣ እንቅቡን ጌታዬ፣ ጀንዲውን አባባ ትላለች። እናንተ የቆያችሁት በኔ ብልሃት ነው፣ ሊጥሏችሁ ሲመጡ የምትሉትን እኔ አስጠናችኋለሁ አለቻቸው። ትናንት ምን እንደነበራችሁ ንገሯቸው፣ ሰው ትናንትን አይጥልም አለች። እነሱም አመኗት።

መስከረም ጠባ። ፀሐይ ወጣች። በበሩ ገብታ ክረምቱን ሙሉ ያልታየውን ሁሉ አሳየች፣ ሻጋታውን፣ የሸረሪቱን ድር፣ ቁንጫውን። አንጓች ቀሚሷን ወገቧ ላይ አሰረች። መስቀል ሳይደርስ ይህ ቤት ይጸዳል አለች።

በመጀመሪያው ቀን እንስራዋን አንገቷ በተሰበረበት በኩል ይዛ ወደ ደጅ ጎተተቻት። እንስራዋ የተማረችውን ተናገረች።

“አንጓች፣ የሠርግሽን ውሃ ማን ቀዳ?”

ስንሻው ከደጅ ሰማ። እውነት ነው፣ ያቺ እንስራ ናት አለ። ዶሮ ውሃ ትጠጣባታለች፣ ተያት አለ።

“ዶሮ የለንም እኮ፣ ስንሻው።”

“ሲኖረን።”

እንስራዋ ተመለሰች። መጥረጊያዋ በዙሪያዋ ጠረግ ጠረግ አለች፣ ወደ በሩ ኋላ ሄደች።

በሁለተኛው ቀን አንጓች እንቅቡን አነሳች። እንቅቡ ወደ ስንሻው ዞሮ፣ “እናትህ የሰፉኝ እኔ አይደለሁም?” አለ። ስንሻው ፊቱ ተለወጠ። እናቱ ሞተዋል። ቂጡን አሰፋዋለሁ፣ ይቀመጥ አለ።

“መቼ?” አለችው አንጓች።

“ሥራ ሲቀልልኝ።”

“ሥራ እስኪቀልልህ ድረስ እናትህ ራሳቸው በሰማይ ቤት ይሰፉታል።”

ስንሻው ሳቀ። እሷም ሳትወድ ሳቀች። እንቅቡ ተመለሰ። መጥረጊያዋ በዙሪያው ጠረግ ጠረግ አለች፣ ወደ በሩ ኋላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ስንሻው አልነበረም። ዛሬስ የሚያግደኝ የለም ብላ አንጓች ጀንዲውን ጠቀለለች። ጀንዲው ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ፣ ተናገረ።

“እናኑን የወለድሽው በማን ላይ ነው?”

አንጓች ቆመች። ያን ቀን አስታወሰች። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶባት ነበር፣ ጥርሷን የነከሰችው የዚህን ጀንዲ ጠርዝ ይዛ ነው። ተንበርክካ ዳበሰችው። ከዚያ በገዛ እጇ ወደ ቦታው መለሰችው። እንግዲህ እዩ፣ ባሏን ስትወቅስ የነበረችው ሴት በሦስተኛው ቀን ራሷ ተሸነፈች። መጥረጊያዋ አልፈረደችባትም። በዙሪያው ጠረግ ጠረግ አለች፣ ወደ በሩ ኋላ ሄደች።

ግን በዚያ ቀን አንድ ነገር አየች። ከኮተቱ ሥር የሽምብራ ቅርፊት ወጥቷል። ትናንት አንድ ነበረ፣ ነፋስ ያመጣው መስሏት ጠርጋው ነበር። ዛሬ ዘጠኝ ነው።

በማግስቱ ስንሻው ከእርሻው አፈር ይዞ መጣ። በመዳፉ ጨብጦ ፈታው። ለአንጓች፣ አፈሩ ገና ይጨበጣል፣ ግን ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፣ ከነገ ወዲያ ጎታውን ከፍተን እንዘራለን አላት። እሷም ልጇን አዝላ ማሳውን ሊያዘጋጁ አብረው ወጡ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን አይጧ ከኮተቱ ሥር ወጣች። መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጢሟን አበሰች።

“እመት መጥረጊያ፣ ቅርፊት ስትቆጥሪ አይቼሻለሁ” አለች። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቤት ሲጸዳ መጨረሻ ላይ የሚጣለው ምንድን ነው?”

መጥረጊያዋ መልሱን ታውቀዋለች።

አይጧ ራሷ መለሰችው። መጥረጊያዋ ናት አለች። ሁሉን ጠርጋ ስትጨርስ፣ ያለቀች ናት ብለው እሷንም ያወጧታል አለች። ዝም ካልሽ ግን ስንሻው ለአንድ ነገር ትሆናለች እንዲል አደርጋለሁ፣ ከኛ ጋር ከጎታው ጀርባ ትቀመጫለሽ፣ ጧት ጧት የሚያነሳሽ የለም፣ ሙቀት ነው፣ ጨለማ ነው፣ ዕድሜ ልክሽን ትተኛለሽ አለቻት። እንስራዋም ከጥግ ነይ እህቴ አለች። ጀንዲውም ቦታ አለ አለ።

ማንም ቢሆን መጣል ያስፈራዋል።

“እፈራለሁ” አለች መጥረጊያዋ። “አልዋሽሽም። ግን እናኑ ስትድህ እጇን የምታሳርፈው እኔ በጠረግኩት ላይ ነው። ያቺ ልጅ ስትራብ ከጎታ ጀርባ ተኝቼ ልሰማት አልችልም።”

አይጧ ሳቀች። ተናገሪ ታዲያ፣ ማን ይሰማሻል፣ ቁመትሽ ስንዝር አይሞላ አለቻት። ጅራቷን ነቅንቃ ወደ ኮተቱ ገባች። ወዲያው ቆርጠም ቆርጠም ተሰማ።

በነጋታው አንጓች መጥረጊያዋን አነሳች። እንደ ልማዷ በኮተቱ ዙሪያ ልትጠርግ ጎንበስ ስትል መጥረጊያዋ ለሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

“ዛሬ በዙሪያው አልዞርም። ሥሩ አስገቢኝ።”

አንጓች ደነገጠች። በዚህ ሁሉ ዓመት ድምፅዋን ሰምታ አታውቅም። ከጎታውና ከግድግዳው መሀል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ መጥረጊያ አይገባም አለቻት።

“ረጅም መጥረጊያ አይገባም” አለች መጥረጊያዋ። “እኔ ግን አጥሬያለሁ።”

አንጓች በሆዷ ተኛች። ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከኮተቱ ሥር አስገባች። ያቺ አጭር፣ እሾህ የመሰለች መጥረጊያ ረጅሟ ልትደርስበት ከማትችለው ጥግ ደረሰች። ጠረግ አለች፣ አንድ እፍኝ ቅርፊት ወጣ። ደግማ ጠረግ አለች፣ ሌላ እፍኝ ወጣ። ሦስተኛ ስትጠርግ ከቅርፊቱ ጋር ግማሿ የተበላች አንዲት ሽምብራ ወጣች።

እናኑ እየዳኸች መጣችና አንድ ቅርፊት አንስታ ወደ አፏ ከተተች። እናቷ ጣቷን አስገብታ ከአፏ አወጣችው። ያን ቅርፊት ትንሽ አየችው። ከዚያ ተነሳች።

መጀመሪያ እንስራዋን ያዘች። እንስራዋ የሠርግሽን ውሃ ማለት ጀመረች።

“ቀድተሻል፣ እግዜር ይስጥሽ” አለች አንጓች። “ዛሬስ ምን ትቀጃለሽ?”

እንስራዋ ደጅ ወጣች።

እንቅቡም ስለ ስንሻው እናት ማውራት ጀመረ። እሳቸውን እኔም እወዳቸው ነበር፣ ዛሬስ ምን ትይዛለህ አለችው። እንቅቡ ቂጡን አየ። ደጅ ወጣ። ወደ ጀንዲው ጆሮ ጎንበስ አለች።

“ልጄን በአንተ ላይ ወልጃታለሁ። አሁን ላበላት ነው። ተነስልኝ።”

ስንሻው ከደጅ ሲመጣ ኮተቱ ሁሉ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ቤቴን ማን አፈረሰው ሊል አፉን ከፈተ። አንጓች አልተከራከረችውም። መዳፉን ይዛ ዘረጋችውና ቅርፊቱን አስቀመጠችበት። ገበሬ ነው፣ ገባው። የቀረውን ኮተት ሁሉ፣ አንድም ለአንድ ነገር ይሆናል ሳይል፣ ራሱ ተሸክሞ አወጣው።

ጎታው ጀርባው ተገለጠ። ቀዳዳው ጡጫ ያስገባል። ስንሻው በመጥረቢያ የጎታውን አፍ ሰበረው። ጎታው ትልቅ ትንፋሽ ሳበ።

“ወር ሙሉ ተበላሁ እላለሁ” አለ። “አፌን ደፍናችሁ እንዴት ልንገራችሁ?”

ከሦስቱ ቁና የቀረው አንድ ቁና ብቻ ነው። ስንሻው መሬት ላይ ተቀመጠ። ራሱን ያዘ።

“አይጧ ጥፋት የለባትም” አለ። “ቤት የሠራሁላት እኔ ነኝ።”

“ተነስ” አለችው አንጓች። “አንድ ቁና አለን። አፈሩ ገና ይጨበጣል።”

አይጧ ልጆቿን በአፏ እየያዘች አንድ አንድ አወጣች። ደጅ ላይ ቆም ብላ ድሮም ይህን ቤት አልወደድኩትም፣ መጥረግ ያበዛሉ አለች። ከዚያ በሩጫ ወደ ገደሉ ሄደች። ሌላም ቤት ኮተት አይጠፋም ብላ ይሆናል።

ስንሻው በሬዎቹን ሊጠምድ ሲል ምራኑ፣ ማለት ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር፣ በአይጥ ተበልቶ አገኘው። ያለ ምራን አይታረስም። አፈሩ ደግሞ እየደረቀ ነው። አንጓች ፀሐይ ላይ የተዘረጋውን ጀንዲ አየች። መሀሉ አልቋል፣ ጠርዙ ግን ያው እሷ ምጥ ላይ የጨበጠችው ጠርዝ ነው፣ ያን ጊዜም አልተበጠሰም። ስንሻው በቢላዋ ዙሪያውን ቆርጦ ምራን አደረገው። ጀንዲው ሲጠመድ ደስ አለው። ቁርበት መሆኔን ረስቼው ነበር አለ። በዚያው ቀን አንዱን ቁና ዘሩ። ማሳው ሲሶ ሆነ፣ ግን ተዘራ።

እንስራዋ ገል ሆነች። ጎረቤት እሳት ሲጠፋበት ፍም ይወሰድባታል። እንቅቡን ስንሻው ራሱ ወደ ምድጃ ከተተው፣ እጁን ቶሎ ግን አላነሳም። የዚያን ቀን ራታቸው በእናቱ እንቅብ ተቀቀለ።

አንጓች ቤቱን ሙሉ ጠረገች። ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ መረገች፣ ወለሉን በእበት ለቀለቀች። የጎታው ጀርባ ባዶ ሆነ። እናኑ በዚያ በኩል እየዳኸች ዞራ በሌላው በኩል ወጣች፣ ሳቀችም። ቤቱ ያን ያህል ሰፊ መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር።

መጥረጊያዋ ግን በዚያ ቀን አለቀች። ጎታው ሥር ያለውን ሁሉ ስትፍቅ ሣሯ ተሰባበረ፣ የቀረው ልጡና አንድ ጭብጥ ጭራሮ ነው። ጎረቤት አዲስ መጥረጊያ አምጥታ በሩ ጥግ አቁማለች፣ ረጅም ናት፣ አረንጓዴ ናት፣ ገና ሳትታሰር ሣሯ ይንሸራተታል። አንጓች አሮጌዋን በእጇ ይዛ ቆመች። ልቧ እሺ አላላትም። ስንሻውም እንዲህ ያለ ባለውለታ እንዴት ይጣላል፣ ከጎታው ጀርባ አንድ እሷን ብቻ እናስቀምጣት አለ።

“እዚያ እንዳታስቀምጡኝ” አለች መጥረጊያዋ። “ዛሬ እኔን ብቻ ነው ትላላችሁ። ለከርሞ አይጧ በእኔ ሥር ትገባለች።”

ስለ ራሷ ነው የተናገረችው። እኔ እንዲህ ያለ ልብ ያለው ዕቃ አልሰማሁም። ሰውም ቢሆን ጥቂት ነው።

አንጓች ልጡን ቀስ ብላ ፈታችው። በዚያው ልጥ አዲሷን መጥረጊያ አሰረች፣ ሣሯ መንሸራተቱን ተወ። ጭራሮውን ደግሞ ለመስቀል ከሚታሰረው ችቦ መሀል ከተተችው።

የመስቀል ዋዜማ ደረሰ። ፀሐይ ስትጠልቅ ስንሻው ችቦውን ለኮሰ። ቶሎ የያዘው ያ ደረቅ ጭራሮ ነው። ችቦውን ከፍ አድርጎ ቤቱን ዞረ። መጥረጊያዋ ዕድሜዋን ሙሉ ቤቱን ከታች ነበር የምታየው፣ እግር ነበር የምታየው፣ ጥግ ነበር የምታየው። ያን ምሽት ከላይ ሆና አየችው። የተለቀለቀውን ወለል አየች። ባዶውን የጎታ ጀርባ አየች። አንጓችን ደጁ ላይ አየች፣ እናኑን ታቅፋ፣ ልጅቱም ወደ ብርሃኑ እጇን ዘርግታ። ከማዶ ደግሞ በሲሶው ማሳ ላይ ሽምብራው ጫፍ ጫፉን አውጥቶ ነበር።

ለካ ቤቴ ይህን ያህል ያምራል አለች። ከዚያ ነደደች።

አያችሁ ልጆቼ። ቤታችሁ ውስጥ ያለ ነገር ትናንት ማን እንደነበረ ሲነግራችሁ አመስግኑት፣ ከዚያ ዛሬ ማን እንደሆነ ጠይቁት። ትንሿም ዕቃ ስትናገር ጎንበስ ብላችሁ ስሙ።

አቧራው ወጣ፣ ተረቱ ገባ። እኔም ደጁን ዘጋሁ።